ቤት የሄደው የዝንባሌ መጠይቅ

የሙያ አማካሪዋ መምህርት ጥፋቷ አንድ ነው፤ ተማሪዎቹ የዝንባሌ መጠይቁን ቤታቸው ወስደው እንዲሞሉ ፈቀደች። በማግስቱ አርባ ሁለት ወረቀት ተመለሰላት። አርባ አንዱ ላይ በአዋቂ እጅ ጽሑፍ «ሐኪም» ተብሏል። «በጣም የሚያስደስትህ ምንድን ነው?» ለሚለው አንዱ አባት «ልጄን የሚያስደስተው ሕክምና ነው» ብሎ ፈርሞበታል። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ያሳረፈም አልጠፋም።

ደሟ ፈላ። «ወይ ጉድ! እኔ የጠየቅሁት ልጆቹን፣ የመለሱልኝ ወላጆቻቸው!»

አንዲት ልጅ ብቻ በራሷ የተንጋደደ ጽሑፍ «ገና አልታወቀም» ብላለች። የመምህርቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ልጅቷን አስጠርታ፣ «እሰይ የኔ ልጅ! ራስሽን እየመረመርሽ ነው ማለት ነው?» አለቻት።

«ኧረ አይደለም ቲቸር» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። «እናትና አባቴ ገና ስላልተስማሙ ነው።»