ከልስኑ በታች የተፈለገው ፊት

ሁለት ዘመናት ተፈቃቅደው አንድ ያደረጉትን ነገር ለገዛ ናፍቆቱ ሲል የሚለያይ ሰው፣ አንዱን አተርፋለሁ ሲል ሁለቱንም ያጣል። ናፍቆት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልጓም ያልገባለት ናፍቆት ግን ከክፋት የማይተናነስ ጥፋት ያደርሳል። የአንድ የግድግዳ ሥዕል ጠጋኝ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ሰውየው በሙያው የተመሰገነ ነበር። ዕድሜውን በአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጦ፣ ከግድግዳ የተላቀቀ ልስን ሲያጣብቅና የሻማ ጥላሸት የሸፈነውን ቀለም በእርጥብ ጥጥ ሲያጠራ አሳልፏል። ከዚህም የተነሣ ሁሉም “ጠጋኙ” ይለው ነበር። ሚስቱ የጥንት ሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበረች። ባልና ሚስቱ እንጀራቸው ከአሮጌ ነገር ይወጣ እንጂ ስለ አሮጌው ነገር ተስማምተው አያውቁም።

“ክርስትና ሲመጣ የአረማውያኑ ቅኔ አበቃለት፤ እናንተ ሬሳ ትቀሰቅሳላችሁ” ይላታል፣ ሊያበሽቃት ሲፈልግ።

“አበቃለት? ታዲያ እኔ የማስተምረውን ማን አቆየልኝ፣ አይጥ?” ትለዋለች። “መነኮሳቱ አይደሉም እንዴ ወገባቸው እስኪቆረጥ ጎንበስ ብለው የገለበጡት! አንተ ጥንትን የምታውቀው በመዶሻህ ነው።”

ወንጌል ወደሚኖሩባት ከተማ ከመድረሱ በፊት ሕዝቡ “የእሸት እናት” የሚላትን የመከር አምላክ ያመልክ ነበር። ገጣሚዎቹ ከሁሉ ይልቅ ፊቷን ያወድሱ ነበር፤ ልጅ እንደ ጠፋባት እናት ያዘነች፣ ግን እንግዳ እንደምትቀበል እመቤት የፈካች ይሏታል። ሐውልቷ ተሰባብሮ ስለ ቀረ መልኳን ያየ አልነበረም። መምህርቷ “ምናለ ፊቷን አንድ ጊዜ ባየሁ!” ስትል ኖራ፣ ታማ በተኛችበት አልጋ ላይም ይህንኑ ደገመች። “እኔስ ሳላያት መሄዴ ነው። አንተ ካገኘሃት ሰላም በልልኝ” አለችው፣ ፈገግ ብላ። ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ከሞተች በኋላ ቤቱ ለጠጋኙ ሰፋበት። የምትቀመጥበት ወንበር ከመስኮቱ ሥር እንደ ነበረ ቆመ፤ ልብሷን ከቁም ሣጥኑ ለማውጣት ሴት ልጃቸው ብትለምነውም እሺ አላለም። ውሎው ከሥራ፣ ሥራው ከዝምታ ጋር ሆነ።

በዚህ መካከል የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሰሜናዊ ግድግዳ እርጥበት በላው። በግድግዳው ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ የያዘች የአንዲት ሰማዕት ሥዕል አለች፤ ምእመናን ለዘመናት የተሳለሟት ናት። የቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ጥገናውን ለጠጋኙ ሰጠው። በሙያው የተከተለችው ሴት ልጁም የልስን ኖራ ልታቡካለት አብራው ገባች።

ከሰማዕቷ እግር ሥር ልስኑ ተሸርፎ ወድቋል። ጠጋኙ የተሸረፈውን ጠርዝ በስለት ቀስ አድርጎ ቢያነሣው፣ ከሥር ሌላ ልስን፣ በሌላው ልስን ላይ ደግሞ ሌላ ቀለም አገኘ፤ የሴት እጅ ናት፣ አረንጓዴ የእሸት ዛላ የጨበጠች። በርብራቡ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቀልደኛው ሽማግሌ ካህን፣ ከታች ሆነው አንጋጠጡ። “ምን ሆነሃል ልጄ? ጣትህን ቀጠቀጥክ?”

“አባ፣ ከሰማዕቷ ሥር አረማዊት አለች!”

“ታዲያ ምን ይጠበስ? የኔ ቅድመ አያቶች ካህን ሆነው የተወለዱ መሰለህ? ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የቆመው በእነሱ ድንጋይ ላይ ነው። ይልቅ ተዋት፣ በሰላም ትረፍ።”

መሥሪያ ቤቱ ግኝቱን በሰማ ጊዜ ትእዛዙን አጠበቀ፤ በላይኛው ልስን ላይ ከመዳፍ የማይሰፋ መስኮት፣ ያውም ከቀሚሱ ጫፍ ላይ ብቻ እንዲከፈት ፈቀደ። ልስን አሳልፎ የሚያሳይ መሣሪያ ተራው ደርሶ እስኪመጣ ድረስ ፊቱ እንዳይነካ ከለከለ። ጠጋኙ ትእዛዙን ተቀብሎ ፈረመ። ልቡ ግን እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ምግብ ሲቀርብለት የሚያየው እሸቷን ነው፤ ዓይኑን ሲጨፍን ሚስቱ “አገኘሃት?” ትለዋለች።

“አባዬ፣ መሣሪያው እስኪመጣ እንታገሥ” አለችው ልጁ።

“ከዚያ በፊት ርብራቡ ይፈርሳል። ሌላ ሰው ይመደብና እኔ እንደ መንገደኛ ከውጭ ቆሜ ላያት ነው?”

“የናፈቀችህ እማዬ ናት እኮ። ግድግዳው እሷን አይመልስልህም።”

“አንቺ ኖራሽን አቡኪ! እናትሽ አደራ ሰጥታኛለች።”

“እማዬ ሰላም በልልኝ ነው ያለችህ፤ መቼ ግፈፋት አለችህ?”

ጠጋኙ ምክሯን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አሸዋ ምረጪ ብሎ ልጁን ወደ ሩቅ መጋዘን ሰደዳትና የቤተ ክርስቲያኑን በር ከውስጥ ዘጋ።

ያሰበው በሙያው የታወቀ ዘዴ ነው። በሥዕሉ ላይ ቀጭን ጨርቅ በትኩስ ሙጫ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲደርቅ የላይኛውን ልስን ከነቀለሙ ይዞ ይነሣል፤ የታችኛው በግድግዳው ይቀራል። “ሰማዕቷን በሰሌዳ ላይ አሳርፋታለሁ፤ የእሸት እናትን በግድግዳዋ ላይ አያታለሁ፤ ማንም አይጎዳም” እያለ ራሱን አታለለ። ሙጫውን ከመቀባቱ በፊት እንደ ልማዱ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ቀሚሱም፣ ትከሻውም፣ ዘንባባውም ሁለት ልስን እንደ ተደራረበበት ስፍራ የባዶ ነገር ድምፅ ሰጡ። ፊቱ ግን እንደ ድንጋይ ድፍን ሆኖ መለሰ። እጁ ለአፍታ ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ያ ድምፅ ከርብራቡ ያወርደው ነበር። በዚያ ቀን ግን “እዚህ ላይ ጥሩ አድርጎ ተጣብቋል” አለና ትኩሱን ሙጫ ቀባው።

ጨርቁ በደረቀ ጊዜ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ገፈፈው። ቀሚሱ በደንብ ተነሣ፤ ከሥሩ ሌላ ቀሚስ ወጣ። ዘንባባው ተነሣ፤ እሸቱ ተገለጠ። ጠጋኙ አንገት ላይ ደረሰ፤ በሹክሹክታም ሚስቱን በስሟ ጠራት። ከዚያም ሳበ።

ፊቱ አልተነሣም። ተፈረካከሰ። ትኩሱ ሙጫ ጥንታዊውን ቀለም አላልቶት ኖሮ፣ ገሚሱ ከጨርቁ ላይ እንደ ጭቃ ተለወሰ፤ የቀረው ዱቄት ሆኖ በጉልበቱ ላይ ረገፈ። በግድግዳው ላይ ባዶ ድንጋይ አፈጠጠበት። በባዶው ዙሪያ፣ የላይኛው ልስን ጠርዝ በስለት ተለክቶ፣ እንደ እንቁላል ክብ ሆኖ የተቆረጠ ነበር። ጠጋኙ ያን ጠርዝ ባየ ጊዜ ሁሉንም ተረዳ። ክርስቲያኑ ሠዓሊ የአረማዊቷን ፊት አልሸፈነውም። አዲሱን ልስን በፊቷ ዙሪያ ቆርጦ አልብሷት፣ እሸቷን በዘንባባ ለውጦ፣ ያንኑ ፊት ለሰማዕቷ ሰጥቷት ነበር። መነኮሳቱ ለቅኔዎቹ ያደረጉትን እርሱ ለመልኳ አደረገ። ከሥር የሚፈለግ ሌላ ፊት አልነበረም።

በሩ ሲደበደብ ከፈተ። ካህኑና ልጁ ገቡ። ልጁ ግድግዳውን፣ ከዚያ ጨርቁን፣ ከዚያ የአባቷን ጉልበት አየች።

“አባዬ፣ ምን አደረግክ?”

“እሷው ነበረች” አለ ጠጋኙ። “አንድ ፊት ነው የነበረው።”

ልጁ እንባዋን በኖራማ እጇ ጠረገች። “እማዬ እኮ በየሰንበቱ እዚህ ሥር ነበር የምትቀመጠው። አይታታለች ማለት ነው። ሳታውቅ ዕድሜዋን ሙሉ ስታያት ኖራለች።”

“እኔም አጠገቧ ነበርኩ” አለ ጠጋኙ። የሚስቱን ያዘነበለ አንገት አስታወሰ፤ እሷ ታየው የነበረውን ፊት ግን ሊያስታውስ ቢታገል እምቢ አለው። በየሰንበቱ ከሰማዕቷ ሥር ተቀምጦ፣ የልስኑን ስንጥቅ እንጂ ፊቷን ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር።

ካህኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋባቸው። “ያን ያህል ዘመን ሁለቱ አልተጣሉም ነበር” አሉ። “አንተ አጣልተህ ሁለቱንም ገደልክብን ልጄ።”

ጠጋኙ በዚያው ቀን ጥፋቱን ራሱ ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተ። ማመልከቱ ቅጣቱን አላስቀረለትም። የጥገና ፈቃዱ ለዘለቄታው ተነጠቀ፤ ስሙም ከሙያ ማኅበሩ መዝገብ ተሰረዘ። ፍርድ ቤቱ ክልከላውን እያወቀ የሕዝብ ቅርስ አውድሟል በማለት እስራት ፈረደበት፤ ወደ ወህኒም ወረደ። ፍርዱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ በማናቸውም ጥንታዊ ግድግዳ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተከለከለ።