ይሻው ጉና ላይ ያነሳው ፎቶ

ይሻው በደብረ ታቦር ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ሙሽራ ሲያነሳ የኖረ ፎቶ አንሺ ነው። ፀጉሩ ሲሸብት ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ከእንግዲህ የዱር አራዊት ነው የማነሳው» ብሎ ተነሳ። ጉና ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ እንዳለ ሰምቷል። ሚስቱ ፈንታነሽ፣ «ብቻህን? በዚች መኪና?» ብትለው፣ «አውሬ ጫጫታ አይወድም» አላት። እውነቱን ለመናገር፣ አብሬህ ልሂድ ያለውም ሰው አልነበረም።

ክምር ድንጋይ ከተማን አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው አሮጌዋ መኪና ታቃስት ጀመር። ገብስ የጫነች በቅሎ ቀደመችው። ይሻው ፍጥነቱን የቀነሰው መልክዓ ምድሩን ለማየት እንደሆነ ለራሱ ነገረው።

ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ አገኘና ካሜራውን ይዞ ወረደ። ጭላዶቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሣር ይነጫሉ። ይሻው ደግሞ ሰው ማዘዝ ነው የለመደው። «አገጭ ቀና! ወደዚህ!» አለ ሳያስበው። መንጋው ተያይቶ ገደሉን ወረደ። በካሜራው የቀረው የቂጥ ፎቶ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ዝናብ ስለያዘው ጋሳይ ከተማ አደረ። በማግስቱ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ተራራው የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዘ። እርሻው እየሳሳ ሄዶ ጓሳ ሣርና የሰው ቁመት ያለው የጅብራ ተክል ብቻ ቀረ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጭጋግ ውስጥ ለቆመ አንድ ጅብራ «እንደምን አደሩ» ብሎ መልስ ሲያጣ፣ የዚህ አገር ሰው እንዴት ኩሩ ነው እያለ አለፈ።

ጭጋጉ ሲገለጥ አየው። ቀይ፣ ጆሮው የቆመ፣ ጓሳው መሃል የተጋደመ! ይሻው መኪናዋን አቁሞ ወረደና በሆዱ ተኛ። ጤዛው እስከ ሸሚዙ ዘለቀ፣ ጉልበቱ ተንቋቋ፣ እሱ ግን እየተሳበ ቀረበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ አነሳ። ደስታው እንባ እንባ አለው። ቀበሮው ቀና ብሎ አየውና ጭራውን ቆላ።

«ዳማ! ና ወዲህ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጋቢ የተከናነቡ አሮጊት በጎቻቸውን እየነዱ ቆመዋል። «የኔ ጌታ፣ ምነው ወድቀህ ነው?»

«አይ እናቴ፣ ውሻዎ... ፎቶ እያነሳሁት ነው» አለ፣ አፈሩን ከአገጩ እየጠረገ።

«ዳማን? በሆድህ ተኝተህ?» አሮጊቷ፣ እማማ ሙላቴ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቀጥለውም ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ እኔንም ከሱ ጋር አንሳኝ። ስሞት የሚታይ ፎቶ የለኝም።»

ይሻው እዚህ ላይ ሙያው ተመለሰለት። ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው፤ «አገጭዎን ቀና፣ ወደዚህ» አለ። እሳቸውም ቀና አሉ፤ ዳማ ሳይቀር ቀና አለ። በሁለት ቀን መንገድ ትእዛዙን የሰማ ፍጥረት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ፎቶውን ካሜራው ላይ ሲያሳያቸው እማማ ሙላቴ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እናቴን መስዬ የለም እንዴ» አሉ ቀስ ብለው። ፎቶውን አጥቦ ሊያመጣላቸው ቃል ገባና፣ እሳቸው ያቋጠሩለትን ቅቅል ድንች እየበላ ቁልቁል ተመለሰ።

ካሜራውን ሻንጣ ውስጥ ከቶ፣ ሻንጣውን ከመኪናዋ ኋላ ቆልፎበታል። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ቀይ እንስሳ አይጥ በአፉ ይዞ መንገዱን ሲያቋርጥ ፍሬን ያዘ። እንስሳው ቆሞ አየው። ይሻው ባለቤቱ ከየት ይመጣ ይሆን ብሎ ግራና ቀኝ ተመለከተ። «ዳማ!» ብሎም ጠራ። የሚቆላ ጭራ የለም። ጉሮሮው ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነበር። ይሻው ነገሩ ሲገባው በሩን ለመክፈት ተጣደፈ፤ የመኪናዋ ቀበቶ አንቆ መለሰው። ቀበሮው አይጡን እንደያዘ ጓሳው ውስጥ ገባ።

ይሻው መሪው ላይ ተደፍቶ ብቻውን እስኪበቃው ሳቀ።

ቤቱ ሲደርስ ፈንታነሽ፣ «እህ፣ አየኸው?» አለችው።

«አየሁት።»

«የታለ ፎቶው?»

«በውሻ ስም ጠርቼው ተቀይሞ ሄደ» አላት፤ እሷም የደረቀ ልብስ ልታመጣለት ተነሳች።