በሚዞር ውሃ ላይ

ደብሬ አጎቷ ጋሼ አራጋውና የቤተሰቡ ንስሐ አባት መምሬ ኢያቄም በትምህርት ቤቱ በር ጎን ለጎን ሲገቡ በመስኮት አየቻቸውና የያዘችው ጠመኔ ጣቷ መሀል ተሰበረ። አጎቷ ብቻቸውን ቢመጡ ለሌላ ጉዳይ ነው ትል ነበር። አጎትና ንስሐ አባት አንድ ላይ፣ በሥራ ቀን፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰው ፍለጋ ሲመጡ ግን ምን ይዘው እንደሚመጡ ላሊበላ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። የፊት ወንበር ተማሪዎች ማንም ሳይነግራቸው ደብተራቸውን ዘጉ።

ሽማግሌዎቹ ከግቢው ጥድ ሥር ቆመው ጠበቋት። የመምሬን መስቀል ተሳለመች።

«ነገ ማለዳ ለእናትሽ እንነግራታለን» አሉ ጋሼ አራጋው፤ ዓይኗን ሳያዩ። «ኩልመስክም ሙጃም ላሉት ደውያለሁ። ዘመድ ዛሬ እኔ ቤት ይሰበሰባል። አንቺም እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ፤ እንዳትጠረጥር።»

«ምን ብላችሁ ነው የምትነግሯት?»

«ምን ይባላል? ደሳለ አለፈ ነው እንጂ።»

ደሳለ የደብሬ ታናሽ ወንድም ነው። እንቁጣጣሽ ባለፈ ማግስት ከሙጃው ጓደኛው ከጋሻዬ ጋር ወጥቶ፣ ጅቡቲን አልፎ፣ ሶማሌ ምድር ቦሳሶ ደረሰ። እናታቸው ማሚቱ እስከ ዛሬ እዚያው ወደብ ላይ ተራ እየጠበቀ ነው ብላ ታምናለች። እዚህ ላሊበላ ነገሩን በዝርዝር የሚያውቁት እሷ፣ አጎቷና መምሬ ብቻ ናቸው። ጋሻዬ ከየመን ደውሎ እያለቀሰ የነገራት ደብሬን ነበር። ሁለት ጀልባ አብረው ተነሡ፤ እሱ በአንዱ፣ ደሳለ በሌላው። መሀል ባሕር ላይ የእነ ደሳለ ሞተር ዝም አለ። የእነ ጋሻዬ ነጂ አልመለስም አለ። «ወደ ኋላ ሳይ ጀልባዋ ፊቷን እያዞረች ነበር፤ ከዚያ ጠፋችብኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። ጋሻዬ የየመን ባሕር ዳርቻ እየወረደ የሚመጣ የሚሄደውን አሣ አጥማጅ ይጠይቃል፤ ያየ የለም።

ደብሬ ባሕር አይታ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ግን የመመረቂያ ጽሑፏ የሶማሌ ባሕር ሙቀትና የላስታ ዝናብ ምን እንደሚያገናኛቸው ስለነበር፣ ሳተላይት ከላይ የሚያነሳውን የባሕር ካርታ አንድ ዓመት ሙሉ ስታይ ኖራለች። ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ረስታው ነበር። አሁን በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ኔትወርክ ወደሚሻልበት የሆቴሎቹ ጉብታ ወጥታ ያንኑ ካርታ ትከፍታለች። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገረው እውነት የሚሆን እየመሰላት።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ከወትሮውም አንሶ። «እዚያ ያለው ውሃ ይዞራል።»

«ምን?»

«ባሕሩ። እንደ ወንዝ ወደ አንድ በኩል አይሄድም። ትልልቅ አዙሪት አለው፤ የአንዱ ስፋት ከዚህ ወልዲያን አልፎ ይሄዳል። ሞተር የሌላት ጀልባ እዚያ ውስጥ ከገባች ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ቶሎ አትወጣም። ትዞራለች።»

«አዙሪት ለእኔ አትንገሪኝ። ተከዜ ላይ በሬ ሲውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጅራቱን እንኳ አልመለሰም።»

«ያ ጠባብ ነው፤ ወደ ታች ይስባል። ይሄ ሰፊና ዝግተኛ ነው። ላዩ ላይ ያለ ሰው መዞሩንም አያውቅ።»

«ታዲያ ከመዋጥ በምን ተሻለ?» አሉ ጋሼ አራጋው። «ቀስ ብሎ ማለቅ።»

ደብሬም በየቀኑ ከጉብታው ስትወርድ ከራሷ ጋር የምትሟገተው ይሄንኑ ነው።

መምሬ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «አጎትሽን ተዪውና ለእኔ ንገሪኝ። እንዲህ ያለ ውሃ በላዩ ላለ ፍጡር ምን ያደርጋል?»

«ሁለት ዓይነት ነው፣ አባቴ። በዚያ ባሕር ወደ ግራ የሚዞረው ከታች ያለውን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከሥር የተጠራቀመው ምግብ አብሮ ይወጣል፤ ማሳ ላይ ፍግ እንደመበተን ነው። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ትንንሽ አሣ ይመጣል፣ ትልቁ ትንሹን ይከተላል። ከዚያ ወፍ፣ ከዚያ ሰው። ወደ ቀኝ የሚዞረው ግን የሞቀውን ውሃ ከምሮ ወደ ታች ይጫነዋል። ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ባዶ ነው። እዚያ አሣም ብዙ የለ፣ የሚያጠምድም አይሄድ።»

«ልጁ ያለው በየትኛው ላይ ነው?»

ይሄን ጥያቄ ነበር የፈራችው። አረንጓዴው ላይ ነው ብትል ማንም አይመረምራት፤ አንዲት ቃል መርዶውን ታስቀረው ነበር። በልጅነቷ ግን እኚህ ቄስ ፊት ዋሽታ አታውቅም፤ ዛሬ ብትዋሽ ደሳለ ላይ የሚደርስ መሰላት።

«ባዶው ላይ ይመስለኛል» አለች።

ጋሼ አራጋው አንገታቸውን ደፉ።

«ግን ጠርዝ አለው» ብላ ቶሎ ቀጠለች። «አዙሪቱ ሲዞር ከዳር ያለውን አረንጓዴ ውሃ እንደ ክር ስቦ በዙሪያው ይጠመጥመዋል። አሣ አጥማጆች የሚውሉት እዚያ ነው። ነፋስ ጀልባዋን ወደ ጠርዝ ከገፋት ሰው ያያታል። ደግሞ አዙሪቱ ራሱ የቆመ አይደለም፤ ቀስ እያለ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጅቡቲ በኩል ይጓዛል።»

«ከገፋትስ እሺ» አሉ ጋሼ አራጋው። «ካልገፋትስ? ውሃ ጥሙስ? ያ ሁሉ ውሃ አይጠጣ።»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

መምሬ ኢያቄም ወደ ደብሬ ቀረብ አሉ። «ሲሞት ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ያ የሙጃው ልጅስ?»

«እሱ ያየው ሞተሩ ሲቆም ነው።»

«እኔ መርዶ የማረዳው ለሞተ ሰው ነው» አሉ። «ሞተር ሲቆም አርድቼ አላውቅም።»

«ዘመድ ጠርቻለሁ እኮ፣ መምሬ! ነገ ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ተኮልኩሎ ምን ሊል ነው? ለጥየቃ መጣን?» ጋሼ አራጋው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ እሷስ? የባሏን መርዶ የሰማች ዕለት ደፍ ላይ ወድቃ ቅንድቧ የተሰነጠቀው ለምን ሆነና? ደጋፊ ሳይኖር ስለሰማች ነው። ዛሬ ከሌላ ሰው ከምትሰማ—»

«ትስማ። ያለውን ትስማ፤ የሌለውን አንጨምርላት። የምንነግራት ግን እኔና አንተ አይደለንም። እኔና አንተ ከገባን ገና አፋችንን ሳንከፍት ሞቷል።» ወደ ደብሬ ዞሩ። «አንቺ ነሽ። ዛሬውኑ።»

መርዶ ሥርዓት አለው፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ክንዷን እንደሚይዝ፣ የመጀመሪያው ቃል የማን እንደሆነ ይታወቃል። ይሄ ግን ሥርዓት የለውም። ሞቷል አትል፣ አለ አትል፣ ዝም አትል።

ባጃጅ ይዛ ወረደች። ነጂው ሁለት ጊዜ የት እንደምትወርድ ጠየቃት፤ ሁለቴም አልሰማችውም።

እናቷ በረንዳው ፊት ሰሌን ዘርግታ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። «ዛሬ ደግሞ በጊዜ፤ ተባረርሽ እንዴ?» አለቻት፤ ቀና ሳትል።

«እማ፣ እጅሽን ታጠቢና ግቢ። የምነግርሽ አለኝ።»

«እዚሁ ንገሪኝ። የኔ እጅ ዛሬ ቢታጠብም አይጠራ።»

ደብሬ አፏን ስትከፍት የውጭው በር ተንኳኳ፤ ቀጥሎም ተገፋ። የኩልመስክ አክስቷ ናት። ወደ ጋሼ አራጋው ቤት እንድትሄድ የተነገራት ሴት፣ ከመኪና እንደወረደች እግሯ ወደለመደው ወደ እህቷ ቤት መጥቷል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋለች። ማሚቱን እዚያ፣ በርበሬዋ መሀል ስታያት ደርቃ ቀረች።

ማሚቱ ቀስ ብላ ተነሣች። ጥለቱን አየች። «ማነው?» አለች፤ ከራሷ ጋር እንደምትነጋገር። አክስቲቱ ልታለቅስ ፊቷ ሲጨማደድ ደብሬ ዘልላ የእናቷን ሁለት ክንድ ያዘች። የያዘችው መርዶ የሚሰማ ሰው በሚያዝበት አያያዝ መሆኑን ያወቀችው የእናቷ ሰውነት ሲከብዳት ነው።

«መሞቱን ያየ የለም!» አለች። «እማ፣ ስሚኝ። ጀልባው ላይ ነው። ሞተሩ ቆሟል። ባሕር ላይ ናቸው።»

«ደሳለ?»

«ደሳለ።»

«በሕይወት አለ?»

«አላውቅም።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም፣ እማ።»

ማሚቱ ወደ እህቷ ዞረች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

አክስቲቱ ጭንቅላቷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች።

«እንግዲያ ነጠላሽን አስተካክለሽ ግቢ።»

ከዚያ ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ አልቆም ብሏት። ደብሬ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ከጀልባዎቹ መነሣት ጀምራ ለመምሬ የነገረቻቸውን ሁሉ፣ ባዶውንም ሳትደብቅ፣ ነገረቻት። ማሚቱ አላቋረጠቻትም። ስታበቃ «አሳዪኝ» አለች። ደብሬ ስልኳን አወጣች። ትናንት ጉብታው ላይ የከፈተችው ካርታ አልተዘጋም ነበር።

«ይሄ ጥቁር ሰማያዊው ነው?»

«አዎ።»

«ይሄስ የተጠመጠመበት?»

«አረንጓዴው ነው። አሣ የሚበላው። ሰው የሚመጣው በዚህ ነው።»

ማሚቱ በርበሬ ያቀላውን ጣቷን ዘርግታ ክሩን ነካችው። ምስሉ ከጣቷ ጋር ተንሸራተተ፤ ባሕሩ እንዳለ ወደ ጎን ሄዶ ከስልኩ ወጣ፣ የየመን ቡናማ ምድርም ሞላው። እጇን እሳት እንደነካ ሰው ሰብስባ ደረቷ ሥር ሸሸገችው።

«ምን አደረግሁት?»

«ምንም አላደረግሽም፣ እማ። ሥዕሉ ነው የተንቀሳቀሰው።»

«መልሺው። እኔ ሁለተኛ አልነካም። መልሺው።»

ደብሬ ወደ ቦታው ልትመልሰው ጎተተችው። ኔትወርኩ ግን እዚህ ታች ደካማ ነው፤ ባሕሩ በነበረበት ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ መጣ። አክስቲቱ ከኋላቸው ቆመች። ሦስቱም ነጩ ላይ አፈጠጡ፤ ከዳር አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታየች፣ ቆመች፣ ከዚያ ወዲያ አልጨመረችም።