ለመፋቂያ የተቆረጠችው

ፋናዬ ያቺን ዛፍ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ አራስ ልጅ ስትንከባከብ ኖራለች። ዛፍ እንበላት እንጂ ቁመቷ ከሰው ትከሻ አያልፍም። ዛፏ በበቀለችበት ደሴት፣ በሞቃቱ ባሕር መሐል፣ የቀረችው አንዲት እህቷ ብቻ ናት። ይቺኛዋ ደግሞ የሜልበርንን ብርድ ስለማትችል ፋናዬ የምትሠራበት ተክል ማቆያ በመስታወት ቤትና በማሞቂያ ነው ነፍሷን ያቆያት። ዘንድሮ በስንት ልመና አንዲት እምቡጥ አወጣች። ሰኞ ስትፈነዳ የአበባዋ ዱቄት ደሴቲቱ ላይ ላለችው ይላካል፤ ያቺም ዘር ትይዛለች። ያ ካልሆነ የዘሯ ነገር አበቃ።

ቅዳሜ የባሏን አባት ጋሼ አስራትን ይዛቸው ወደዚያው ሄደች። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ ከከተማው ዳር ሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈር ቤት ተዘግቶባቸው መሰልቸታቸው አሳዝኗት ነበር።

"ይቺ ብርቅ ዛፍ ናት አባባ" አለቻቸው። በቃ፣ ይኸው ነው! ለጎብኚው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስትተነትን የምትውለውን፣ ለአማቷ ሁለት ቃል ይበቃል ብላ ውሃ መርጫውን ልታስተካክል ዞር አለች።

ስትመለስ ሽማግሌው ጥርሳቸውን እየፋቁ ነው። ኧረ ጉድ! እምቡጥ የያዘችው ቅርንጫፍ የለችም።

"አባባ! መፋቂያውን ከየት አመጡት?"

"ከብርቋ ነዋ! የዚህ አገር ብሩሽ ድዴን ጨረሰው። ትመራለች፣ ግን መልካም ናት። ላንቺም ልቁረጥልሽ እንዴ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ልክ ልኩን ነግራው ነበር፤ አማት ላይ ግን አይጮኽ! "አይ፣ ይቅርብኝ" አለች። እምቡጧን መሬት ላይ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣቻት።

የባቡር መክፈያ ማይኪ ካርዳቸውን በሩ ላይ አስነክተው ባቡር ከተሳፈሩ በኋላ ግን አልቻለችም።

"የደሴቱ ሰዎችም እንዲህ ነው የጨረሷት አባባ። ለመድኃኒት እያሉ፣ ሁሉም አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ እየቆረጠ! አሁን በዓለም ላይ ሁለት ናቸው የቀሩት። ዘር ሊገኝ የነበረው ከዚያች እምቡጥ ነበር..."

ጋሼ አስራት መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀስ ብለው እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተቱና መሐረብ አወጡ። ሲፈቱት ሦስት እንጨቶች አሉበት፤ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው በልክ በልክ የተቆረጡ። ከሥራቸው እምቡጧ ተጨፍልቃ፣ ጠቁራ ተኝታለች።

"ይቺን እንኳ ለልጅሽ ለሊሊ ብዬ ነው፤ ታምራለች ብዬ" አሉ።

ፋናዬ እምቡጧን በጣቷ ብትነካት ፈረሰች። ንዴቷን በማን ላይ ታውጣው?

"ብርቅ ናት ስትይኝ እኮ ለሰውም ላዳርስ ብዬ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ። "ምነው ልጄ፣ ያኔውኑ አይንኳት ብትይኝ?"