አምስተኛው ማርሽ

መካኒኩ መልካሙ «አንድ አሮጌ ካምቢዮ መጥቷል፤ ብቅ ብለው ይዩልኝ» ብሎ ሲልክባት ባንቺአየሁ በርበሬዋን ከተሰጣበት ሳታነሳ ነው የሄደችው። የማርሽ ሳጥኑ የባሏ የስመኘው መኪና እንዳይሆን ፈራች፤ እንዲሆንም ተመኘች። እንዲህ ለሁለት የተከፈለ ልብ ይዞ የፍኖተ ሰላምን አስፋልት መሻገር ቀላል አይደለም፤ ጋሪ ሊገጫት ምንም አልቀረው።

ስመኘው በደርግ ጊዜ ነው «ቡሬ ደርሼ ልምጣ» ብሎ በቀይዋ ስፖርት መኪናው የወጣው። እንደወጣ ቀረ። በዚያው ሰሞን የቡሬዋ ጠጅ ቤት ባለቤት ታንጉትም ከከተማው ጠፋች። አገር ሁለቱን ደምሮ ወሬውን ጨረሰው፦ ተያይዘው ሱዳን ገብተዋል። ባንቺአየሁም አመነች። መጠራጠር ስትጀምር ደግሞ ጎረቤት መልሶ አሳመናት፤ ጎረቤት ለዚህ መቼ ይሰንፋል! ከዚያ ወዲህ ስሙ ከአፏ የሚወጣው ለእርግማን ብቻ ሆነ። «ሞቶም እንደሁ ምን ታውቂያለሽ፣ ተዝካሩን አውጪ» ያላትን ሰው «በሕይወት ላለ ከሃዲ ንፍሮ አልቀቅልም» ትለው ነበር።

ካምቢዮው ጋራዡ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ እጅጉ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከማንኩሳ በታች ካለው ገደላማ አገር፣ ለወፍጮ ይሆን እንደሁ ብለው በአህያ ጭነው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከየት እንዳገኙት ሲጠየቁ ግን መሬት መሬት ያያሉ።

«እትዬ ባንቺአየሁ» አላት መልካሙ፤ «በኛ አገር እንዲህ ያለ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ የነበራቸው ሁለት መኪኖች ናቸው። አንደኛው የዳንግላው ነጋዴ ነው። የሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ አራት ነበረ፤ አምስቱን ኋላ ነው ከሌላ መኪና አውጥቶ ያስገባው። አልገጥም ቢለው ካምቢዮውን ከመኪናው የሚያስረውን ማቀፊያ ቆርጦ አስበየደው። ያ መኪና ተፈታትቶ በየገበያው ተበትኗል። ጋሽ ስመኘው ግን ገና መኪናዋን ሲያዙ ባለ አምስት ይሁንልኝ ብለው ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ነው የገጠመላቸው።»

«ታዲያ ይኸ የማን ነው?»

መልካሙ ካምቢዮውን አጋድሞ ጭቃውን በናፍጣ ጨርቅ ጠረገ። ማቀፊያው ከነብሎኑ አለ። የተቆረጠበትም የተበየደበትም ቦታ የለም።

«የፋብሪካ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ባንቺአየሁ ወደ ካምቢዮው ተጠጋች። ቢሆንም ያን ያህል ዘመን ያመነችውን ነገር ለአንድ ብረት ብላ የምትለቅ ሴት አይደለችም። ቁጭ አለችና የማርሹን ዘንግ ጨበጠች። የተጋቡ ሰሞን ስመኘው እጇን በእጁ ይዞ ማርሽ ያስቀይራት ነበር። አምስተኛው ክፉ አመል ነበረው፤ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ወደ ፊት ሲሄድ መሀል ላይ ይነክሳል፤ ትንሽ መለስ አድርገው ካላባበሉት አይገባም። «ይኸ ማርሽ እንደ እናትሽ ነው፣ ካልለመኑት አይሰማም» እያለ ያስቃት ነበር።

መልካሙ ቀድሞ በዘይት አላቅቆት ስለነበር ዘንጉ ታዘዘላት። ገፋችው። ነከሰ። መለስ አድርጋ አባበለችው፤ ገባ።

«የሱ ነው» አለች። ወደ አዛውንቱም ዞረች። «አያ እጅጉ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ከየት አመጡት?»

«ከገደሉ ነው እመቤቴ» አሉ እጅጉ። «መኪናው ሌሊት ወድቆ ኑሮ ጧት ደረስነበት። ከመንገድ አይታይም። በዚያ ዘመን ማን ደፍሮ ይናገር? እናንተው ናችሁ የገደላችሁት ቢሉን ምን እንመልሳለን? ወረቀቱን ፈርተነ አቃጠልነው። ብረቱንም ተካፈልነ። ሰውዬውን ግን ማተቡን አይተነ ከቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።»

ባንቺአየሁ ከማርሹ ዘንግ እጇን ሳታነሳ ጠየቀች።

«ብቻውን ነበረ?»

«ብቻውን።»

«ወዴት ይሄድ ነበር?»

«ከቡሬ መልስ ነው የወደቀ። የመኪናው አፍንጫ ወደዚህ ወደ እናንተ አገር ነበረ።»

ይህን ቃል ያኔ የሚነግራት ብታገኝ ቤቷን ትሰጥ ነበር። አሁን ግን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ይህን ሁሉ ዘመን የረገመችው ወደ ቤቱ ሲመጣ የሞተ ሰው ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። መልካሙ ፊቱን አዙሮ ያለ ሥራው ቁልፍ ይደረድር ጀመር።

እጅጉ ለቅሶዋ ጋብ እስኪል ጠበቁ።

«ቄሳችን ፍትሐት ያደርጉለታል» አሉ። «ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ግን ‹የገደሉ ሰው› እያሉ ነው የሚጸልዩለት። ክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች።

«ወልደ ዮሐንስ» አለች። «ወልደ ዮሐንስ ነው ይበሏቸው።»