ቆመው የመጡ ሽማግሌዎች

አሳየሽ ሦስቱን ሽማግሌዎች እንዲቀመጡ ለመነች። አልተቀመጡም። እሺታ ሳያገኝ የሚቀመጥ አስታራቂ የለም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

ፍራሽ ላይ ናት። ቀኝ እግሯ በብረት ታስሮ ትራስ ላይ ተዘርግቷል። ሐኪሙ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት አይራመድም ብሏል። በዚያ እግር ነው ከቦዲቲ ገበያ ሶዶ እየተመላለሰች ቅቤ የምትነግደው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

«ጋሽ ለማ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል» አለች፣ በዕድሜ ትልቁን ሽማግሌ።

«ያንቺ አፍ ሲፈታ የኔም ጉልበት ይታጠፋል።»

የመጡበትን ደግመው ተናገሩ። ሾፌሩ ታምራት የጎሳዋ ልጅ ነው። ባጃጁን ሆን ብሎ አልገለበጠም። ነገ ትራፊክ ፖሊሱ ቃሏን ተቀብሎ ሊጨርስ ሲመጣ፣ አደጋው የደረሰ ቀን ያለችውን ትድገም፤ ታርቀናል፣ ካሳም አልጠይቅም ትበል። የባጃጁ ባለቤት ጌታነህ እንደ አቅሙ ያስብላታል።

ያን ቀን አስፋልቱ ዳር ወድቃ ነበር። ቅቤው ጭቃ ላይ ተበትኗል፤ ታምራት ራስጌዋ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ባጃጅ ከከተማ ወጥቶ በዚያ መንገድ ለክፍያ ሰው እንዲጭን አይፈቀድለትም። ፖሊሱ ሲጠይቃት «ዘመዴ ነው፤ በነፃ ነው የጫነኝ» አለች። አብረዋት የተሳፈሩት ሴቶችም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰው ልጅ ከሚታሰር ሁሉም እንዲህ ይላል።

ዛሬ ጠዋት የእህቷ ልጅ ቤቴል መጥታ ነበር። ሕግ ተምራለች፤ አቅም ለሌለው በነፃ ትሟገታለች። ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«አክስቴ፣ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ሲጎዳ ባለንብረቱም መድን ድርጅቱም ይጠየቃሉ። በነፃ ከሆነ ግን የሾፌሩን ጥፋት አንቺ ነሽ የምታስረጂው። ማን ይመሰክርልሻል? ደግሞ ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፣ ካሳ መተው ሌላ።»

«ዋሽቼ ነበር ልበል?»

«እውነቱን በዪ ነው የምልሽ።»

«ላንቺ ቀላል ነው» አለቻት።

አሁን አሳየሽ ቀና አለች። «ታምራት የት አለ?»

«ደጅ ነው» አሉ ጋሽ ለማ። «ዓይንሽን ማየት አፍሮ።»

«ይግባ።»

ገባ። ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል ደርቋል። ከበሩ አላለፈም።

«ቦዲቲ ላይ ስትጭነኝ እንደ ዘመድ ነው፣ እንደ ተሳፋሪ?»

ታምራት ወደ ጋሽ ለማ ተመለከተ።

«ልጁን አታስጨንቂው» አሉ ጋሽ ለማ። «አንዴ ከአፍሽ ወጥቷል።»

«የወጣው ለሱ ብዬ ነው። ለጌታነህ ብዬ አይደለም።»

«ውሸታም ልትባዪ?»

«ልባል። እሱን መሬት ወድቄ ሳለሁ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አሁንም ይቅር። እግሬን ግን አልሰጥም።»

አንደኛው ሽማግሌ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ በሩ ዞረ። አሳየሽ ልቧ ደነገጠ። ከወጡ ሽማግሌ የመለሰች ትባላለች፤ ቅቤዋን እንኳ የሚገዛት አይኖርም። ቢሆንም ቃሏን አላነሳችም።

«መንጃ ፈቃዴ ይሄዳል፣ አክስቴ» አለ ታምራት ቀስ ብሎ።

«ሊሄድ ይችላል» አለች። አላባበለችውም።

ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ።

«ከፍላለች» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ከፍለዋል። በነፃ ነው ከተባለ ማንም አይደርስብንም ያለኝ ጌታነህ ነው። ሽማግሌ ላክም ያለኝ እሱ ነው።»

ጋሽ ለማ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተ ለምነኸን የመጣን መስሎኝ።»

«እሱ ነው ያስለመነኝ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው፣ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ተያዩ፤ መቀመጥም መውጣትም ከበዳቸው።

«ነገ ፖሊሱ ሲመጣ እዚህ ትገኛለህ» አሉት ታምራትን። «ያልከውን ትደግማለህ። እኔም አጠገብህ ነኝ። ከዚያ ካሳዋን እንዲከፍል ጌታነህ ደጅ ሄጄ እቆማለሁ።»

«ጉልበትዎስ?» አለች አሳየሽ።

«እሱን ለኔ ተዪው።»