ሽጉጡ በኤርጎጌ ስም

ማናሴና ኤርጎጌ ሽጉጥ ሊመርጡ ከሚኖሩበት ሰፈር ከአይቮሪ ፓርክ የወጡት ረቡዕ ጠዋት ነው። ለምን ረቡዕ ብትሉ፣ ሐሙስ የዕቃ ቀን ነዋ። ሐሙስ ሐሙስ ማናሴ ባኪ የሚሏትን ፒክአፕ አስነስቶ መሀል ከተማ፣ ጄፒ መንገድ ይወርድና ለሱቃቸው ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ ብስኩቱን ጭኖ ይመለሳል። ከሰባት ወር በፊት ሲመለስ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖበት ቆመ። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ መጡ፤ አንዱ የሽጉጡን አፈሙዝ አፉ ውስጥ ከተተበት። ዕቃውን ወሰዱ፣ ስልኩን ወሰዱ፣ "ሐሙስ እንገናኛለን" ብለው እየሳቁ በብርማ ፖሎ መኪና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ማናሴ ሰው አልሆነም። ረቡዕ ከመጣ እህል አይወርድለትም። ሐሙስ ጠዋት መሪውን ጨብጦ ሃያ ደቂቃ ሞተር ሳያስነሳ ይቀመጣል። ኤርጎጌ አላየሁም ብላ ታልፈዋለች። ምን ትበለው? ባልሽ ፈራ ቢባል ለእሷስ ምን ክብር አለው! ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ያችን ብርማ ፖሎ ከኋላው አያት። እሷው ትሁን ሌላ፣ እግዜር ይወቅ። እሱ ግን ያችው ናት ሲል ምሎ ተገዘተ።

ዘረፋው በደረሰ ሰሞን ሸረፈዲን የሚባል ጓደኛው፣ "ትሮይቪል ሰፈር የማውቀው ሰው አለ፤ ያለ ወረቀት በአንድ ቀን ሽጉጥ ይሰጥሃል" ብሎት ነበር። ኤርጎጌ ይሄን ስትሰማ፣ "ያንን ይዘህ ቤቴ የገባህ ቀን ፊቤን አዝዬ እወጣለሁ፤ ዞር ብዬም አላይህ" አለችው። ፊቤ የአራት ዓመት ልጃቸው ናት።

ስለዚህ ሕጋዊው መንገድ ብቻ ቀረ። ሕጋዊ ወረቀት ደግሞ ያላት እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ተሰልፋ፣ ተገፍታ፣ ተሰድባ ቋሚ መኖሪያ አወጣች። እሱ ግን እስከዛሬ የጥገኝነት ወረቀቱን ለማሳደስ ደጅ ይጠናል። ሱቁ በስሟ፣ ባኪው በስሟ፣ ስልኩ በስሟ። እዚህ አገር ያለን ሰዎች እንዲህ ነው የምንኖረው፤ ወረቀት ያለው ስሙን ያውሳል፣ የሌለው ይሠራበታል። ሽጉጥስ ምን ይለየዋል? ሁለቱም እንዲህ ብለው ነው የገቡበት። የተኩስ ሥልጠናውን እሷ ወሰደች፣ ፈተናውን እሷ አለፈች፣ የብቃት ወረቀቱም በስሟ ወጣ። እንዴት ያለች ተኳሽ ሆና አረፈች መሰላችሁ! ማናሴ ውጭ ባኪው ውስጥ ሆኖ ነበር የሚጠብቃት።

የሽጉጥ መሸጫው ባለቤት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነጭ አሮጊት ናት። ጨርቅ ዘርግታ ሦስት ሽጉጦች ደረደረች። እያንዳንዱን ስታነሣ ጥይት እንደሌለው ከፍታ ታሳያለች።

ማናሴ ትልቁን ቀድሞ አነሣ። "ዘጠኝ ሚሊ! ይሄ ነው ሰው የሚጥል።"

"አንቺ እጅሽን አምጪ" አለቻት አሮጊቷ፣ እሱን እንዳልሰማች ሆና። የትልቁ እጀታ ከኤርጎጌ መዳፍ ተረፈ፤ ጣቷ ቃታው ላይ ለመድረስ ተንጠራራ። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ሦስተኛው፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጠው፣ ልክክ አለ።

"ይሄ ሃያ ሁለት የሚሉት ነው" አለች አሮጊቷ። "እውነቱን ልንገርሽ። ጥይቱ ትንሽ ስለሆነ የመጣብሽን ሰው ላያቆመው ይችላል፤ አንዳንዴም ይከሽፋል። ግን እጅሽ ላይ አይዘልም። በትልቅ ከመሳት በትንሽ መምታት ይሻላል።"

"ጥይቱንስ እንዴት ልምረጥ?" አለች ኤርጎጌ።

አሮጊቷ ሁለት ትንንሽ ካርቶን አወጣች። "ይሄ ለልምምድ፣ ይሄ ለኪስሽ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኚ። በዚሁ ሽጉጥ ደጋግመሽ ሞክሪውና ያልከሸፈብሽን ያዢ።"

"ይሄማ የእርግብ መምቻ ነው!" አለ ማናሴ በአማርኛ። እሱ ወላይታ፣ እሷ ሀዲያ፤ ሲጣሉም ሲፋቀሩም በአማርኛ ነው። እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኑ ከትንሿ ሽጉጥ አልተነቀለም። አነሣት፣ መዘናት፣ ከዚያ የገዛ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተታትና ወደ መስተዋቱ ዞሮ ኪሱን መታ መታ አደረገ። "አይታይም፤ አየሽ? ምንም አይታይም!" ከሰባት ወር ወዲህ ያላየችው ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ።

ኤርጎጌ ክው አለች። አሮጊቷ መነጽሯን አድርጋ ኪሱን እያየች ነበር።

"አውጣት" አለችው። አወጣና ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። አሮጊቷ ወደ ኤርጎጌ ዞረች። "አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። ይህች ሽጉጥ የማን ኪስ ውስጥ ነው የምትሆነው? ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ለቤተሰብ አይደለም። በአንቺ ስም ወጥታ እሱ ላይ ብትገኝ እሱም ይታሰራል፣ አንቺም ትታሰሪያለሽ።"

"ለሚስቴ ነው" አለ ማናሴ ቶሎ ብሎ።

"አንተን አልጠየቅሁም።"

ማናሴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "የእኔ ነው በያት፣ ምን ቸገረሽ? ባኪውስ በማን ስም ነው? ማን ነው የሚነዳው?"

ኤርጎጌ በልቧ አሰላች። የእኔ ነው ብትልና እሱ ቢያዝ፣ እሷ ወህኒ፣ ያ አሥራ አንድ ዓመት የተሰለፈችለት ወረቀት ገደል፣ ፊቤ ደግሞ በሰው እጅ። አይ ብትል፣ ማናሴ ከዚህ ወጥቶ በቀጥታ ትሮይቪል ነው። ታውቀዋለች። ዛሬውኑ ይሄዳል። ጌታ ሆይ፣ ምነው እንዲህ ከሁለት እሳት መሀል አስገባኸኝ!

"የእኔ ናት" አለች። "በእኔ ኪስ ነው የምትሆነው።"

"ዕቃ ለማምጣት ከተማ የሚወርደውስ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽ?" አለ ማናሴ።

"ሰምተሃል። ባለ ሽጉጧ እኔ ከሆንኩ ከተማ የምወርደውም እኔ ነኝ። አንተ ሱቅ ትቀመጣለህ፣ ፊቤን ትይዛለህ።"

"ሚስቴን ወንበዴ ላይ ልኬ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ዳቦ ልሽጥ? ሰው ምን ይለኛል? ጎረቤታችን አቢሶ ምን ይለኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ምን ይሉኛል?"

"የሚሉህን ይበሉህ! በቁምህ እያለቅህብኝ እኮ ነው!" ድምፅዋ ከፍ አለ፤ አሮጊቷ አማርኛውን ባትሰማም ጨርቁን ከነሽጉጦቹ ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

አሮጊቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና የፈቃድ ማመልከቻውን ለኤርጎጌ ገፋችላት። ኤርጎጌ ፈረመች። ከዚያ አሮጊቷ ትንሿን ሽጉጥ ወረቀት ለጥፋባት ከኋላዋ ካለው የብረት ካዝና ውስጥ ቆለፈችባት። ፈቃዱ እስኪመጣ እዚሁ ትቀመጣለች፤ አራት ወር፣ ቢፈጥን ሦስት።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አለ ማናሴ ወደ ውጭ ሲወጡ። ባኪው አጠገብ ቆመ። "ነገስ? ነገ እኮ ሐሙስ ነው።"

እሷም ይህን አላሰበችውም ነበር። በባዶ እጅ፣ ያንን መብራት፣ ያችን ፖሎ። ቢሆንም አፏ ቀደማት፣ "ነገም እኔ ነኝ" አለች።

ይህን ያለችው እሱ እምቢ እንዲል ነው። እንዲቆጣት፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ?" ብሎ እንዲጮህባት ነው። አብረን እንሄዳለን ቢላትም ይበቃት ነበር። ማናሴ ግን እጁን ኪሱ ከተተ፣ የባኪውን ቁልፍ አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"እግዚአብሔር ይጠብቅሽ" አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ዞሮ ሄዶ በሾፌሩ በኩል ሳይሆን በዚያኛው በር ገባና ቀበቶውን አሰረ። ኤርጎጌ ቁልፉን ይዛ ፀሐይ ላይ ትንሽ ቆመች። ልትሰድበው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም ሳታደርግ ገባችና ሞተሩን አስነሳች።